የማርያም ካፖርት

ሰውዬው ዕድሜ ልኩን ሲያለብስ የኖረው አሻንጉሊት ነው። በከተማው ዋና መንገድ ላይ ባለው ትልቅ የልብስ መደብር፣ ከሰፋፊዎቹ መስታወቶች ኋላ፣ የሰው ቁመት ያላቸው አሻንጉሊቶች ቆመው አላፊ አግዳሚውን ያያሉ። እነሱን የሚያለብሰው፣ ክንዳቸውን የሚያጣጥፈው፣ አንገታቸውን የሚያዞረው እሱ ነው። ሠራተኛው ሁሉ «ጋሽ አልባሹ» ይለዋል። እናቱ ያወጣችለትን ስም ከሚስቱና ከደመወዝ ከፋዩ በቀር የሚያስታውስ የለም።

ሥራው ቀላል እንዳይመስላችሁ። አሻንጉሊት እንደ ሰው ክንዱን ዘርግቶ አይተባበርም። ሸሚዝ ለማልበስ ክንዱ ከትከሻው ይነቀላል፣ እጅጌው ውስጥ ይገባል፣ ተመልሶ ይገጠማል። ሱሪ ከሆነ ደግሞ ወገቡ ላይ ለሁለት ይከፈላል። የተረፈው ጨርቅ ከጀርባ በስፒል ይሰበሰባል፤ ከመንገድ የሚያየው ሰው በልኩ የተሰፋ ይመስለዋል፣ ከኋላ ቢያየው ግን ጃርት ነው። አልባሹ ስፒሎቹን በከንፈሩ ይዞ ስለሚሠራ ጠዋት ሙሉ አይናገርም። ማታ ቤት ገብቶም ያው ነው። ሚስቱ «ስፒሉን እዚያው ትቶት ይመጣል፤ ዝምታውን ግን ተሸክሞልኝ ይገባል» እያለች ጎረቤት ታስቃለች።

ቤት ያልኩት ከመደብሩ ኋላ፣ ከመጋዘኑ ፎቅ ላይ ያሉትን ሁለት ክፍሎች ነው። የመደብሩ መሥራች የነበሩት ሽማግሌ፣ አልባሹ ያገባ ሰሞን ቁልፉን እጁ ላይ አስቀምጠው «እዚህ እስከሠራህ ድረስ ኑርበት» አሉት። ነገሩ በዚያው በቃል ቀረ። ሽማግሌው ሲሞቱ መደብሩ ለልጃቸው ባል ተላለፈ። ይሄኛውን ሠራተኛው ፊት ለፊት «ጌታዬ» ይለዋል፣ ዞር ሲል «አማቹ» ይለዋል። አልባሹ ጡረታ ሊወጣ ትንሽ ቀርቶታል፤ የሚስቱ ጉልበት ታሟል፤ ሌላ የሚገቡበት ጎጆ የላቸውም። አማቹ አንድ ቀን ከመሬት ተነሥቶ «ውጡ» ቢል እንደሚወጡ ሦስቱም ያውቁታል። ማንም አፍ አውጥቶ ተናግሮት ግን አያውቅም።

ሽማግሌው የተዉት አንድ ልማድ ነበር። የልደት በዓል ሲቃረብ ትልቁ መስታወት ዕቃ አይሸጥበትም። «ይቺን ለእሱ ተዉለት» ይሉ ነበር። አልባሹ ያረጁትን አሻንጉሊቶች ከመጋዘን ያወጣና በማዳበሪያ ከረጢት ጨርቅ ያለብሳቸዋል። ማርያም፣ ዮሴፍ፣ እረኞቹ፣ ጭድ የተነሰነሰበት ግርግም። ሕፃናት መስታወቱ ላይ አፍንጫቸውን ለጥፈው ያያሉ። በዓመት ውስጥ አልባሹ ሥራውን ከልቡ የሚወደው በእነዚያ ቀናት ነው። የምታስቸግረው ማርያም ብቻ ናት። አሻንጉሊቷ የተሠራችው የእጅ ቦርሳ አንጠልጥላ፣ ከሰው ራስ በላይ አሻግራ እንድታይ ነው። ሕፃን ያቀፈች ለማስመሰል በየዓመቱ የእጅ አንጓዋን በሽቦ ይጠመዝዛል፤ በየዓመቱም ቦርሳ የጠፋባት ሴት መስላ ታርፈዋለች።

ሚስቱም የራሷ ልማድ ነበራት። የበዓሉ ዕለት ቤተ ክርስቲያን፣ ነፍሰ ጡሯ ማርያም ማደሪያ አጥታ ከበር ተመለሰች የሚለው ቦታ ሲነበብ አንጀቷ አይችልም። «ጨካኞች! ምን ነበረበት አንድ ጥግ ቢሰጧት!» ትላለች፤ ለራሷ ያለች ይመስላታል እንጂ የፊት ወንበር ድረስ ይሰማል። ሰው ዞር ብሎ ፈገግ ይላል። አልባሹ በክርኑ ጎሸም ያደርጋታል። የዋህ ሴት ናት፤ የእውነቷን ነው የምትናደደው።

በዚያ ዓመት አማቹ ለከተማው ምክር ቤት ተወዳደረ። ፓርቲው ስለ እምነት፣ ስለ ቤተሰብና ስለ ሥርዓት የሚናገር ነው። ፎቶው በየግድግዳው ተለጠፈ፤ ከሥሩ «በዓላችንን፣ ቤታችንን፣ መንገዳችንን እንመልስ» ይላል። ማን እንደወሰደብን አይናገርም፤ ሁሉም ግን ይገባዋል። ከድንበር ማዶ ጦርነት ሸሽተው የመጡት ሰዎች እግረኛ መንገዱ ላይ ካልሲና ክብሪት ዘርግተው መሸጥ ከጀመሩ ከርመዋል። አማቹን ክፉ ሰው ነው ብል ውሸት ይሆንብኛል። ሽማግሌ ሲያይ ይነሣል፣ ጸሎት አያስታጉልም፣ የቤተ ክርስቲያኑን ጣሪያ ያሳደሰው እሱ ነው። የአልባሹ ሚስት «ፈጣሪውን የሚፈራ ሰው ካልመረጥን ማንን ልንመርጥ ነው?» ትል ነበር።

በዓሉ ሲቃረብ አማቹ አልባሹን ቢሮው አስጠራው። ጠረጴዛው ላይ አንድ ካፖርት ተዘርግቷል፤ ሰማያዊ፣ ወፍራም ሱፍ፣ አንገትጌው ጸጉራም፣ ውስጡ ሐር።

«ጋሼ፣ ዘንድሮ ማርያም ይሄን ትልበስ» አለው።

«ማርያም እኮ ድሃ ነበረች፣ ጌታዬ።»

«ማርያም ንግሥት ናት፣ ጋሼ። ለንግሥት ከረጢት እናልብስ? እኔ እንዲያውም ድፍረት ነው የሚመስለኝ።» ፈገግ አለ። «ግርግሙን ደግሞ በሕፃን ጋሪ ብንተካውስ? አዲሶቹ ጋሪዎች ገብተዋል።»

አልባሹ ለግርግሙ ለመነ። እንደ ምንም ብሎ ግርግሙ እንዳይነሣ አደረገ፤ ካፖርቱን ግን ተቀብሎ ወጣ። በአንድ ቀን ይሄን ያህል ከተናገረ ይበቃዋል።

አሁን ስለ ሴትዮዋ ልንገራችሁ። ከትልቁ መስታወት ሥር፣ ከመደብሩ ውስጥ ሞቅ ያለ አየር የሚወጣበት የብረት ወንፊት አለ። ካልሲ የምትሸጠው ሴት እዚያ ላይ ነበር የምትቀመጠው፤ ከድንበር ማዶ ከመጡት አንዷ ናት። ልጅ እግር ናት፤ ሕፃኗን ደረቷ ላይ አስራ ትውላለች። አልባሹ የሚሠራው ከውስጥ ስለሆነ ሥራው ከመንገድ ምን እንደሚመስል አያይም። ድሮ ወጣ ገባ እያለ ያይ ነበር፤ አሁን ወገቡ እምቢ ብሎታል። አንድ ቀን የአንዱን አሻንጉሊት ባርኔጣ ሲያስተካክል ሴትዮዋ ከውጭ ቀና ብላ እጇን ዝቅ አደረገች፤ ዝቅ አድርገው ማለቷ ነው። ዝቅ አደረገው። ወደ ግራ አለችው፣ ወደ ግራ አደረገው። አውራ ጣቷን ቀሰረችና ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ያለ እሷ ምልክት የጨረሰው መስታወት የለም። በመሃላቸው ያ ሁሉ ወፍራም መስታወት ስላለ አንዱ የሌላውን ድምፅ አይሰማም፤ ለአልባሹ ደግሞ የሚስማማው እንዲህ ያለ ወዳጅነት ነው። ጠዋት ሲያልፍ «እንዴት አደሩ አባባ» ትለዋለች፤ «እግዜር ይመስገን ልጄ» ይላታል። የማያስፈልገውን ካልሲ ይገዛታል። ሚስቱ «አንተ ሰውዬ፣ ስንት እግር ነው ያለህ?» እስክትለው ድረስ መሳቢያው ሞላ።

የበዓሉ ማሳያ የሚገለጥበት ቀን ደረሰ። አልባሹ በሥራው ቀናት መስታወቱን የሸፈነበትን ወረቀት አንሥቶ ነበር፤ ከውጭ በኩል ግን ቀይ መጋረጃ ተንጠልጥሏል። አማቹ ከሰዓት በኋላ ሰው ተሰብስቦ ንግግር ካደረገ በኋላ ገመዱን ስቦ ይገልጠዋል። ሁሉም ነገር አልቋል፤ የማርያም እጅ ብቻ እንደ ልማዱ እምቢ ብሏል። አልባሹ ካፖርቷን አውልቆ፣ አንጓዋን ፈትቶ፣ ከሽቦው ጋር እየታገለ ሳለ የኋላው በር በኃይል ተደበደበ።

ከፈተው። ካልሲ ሻጯ ናት። ዝናብ እንደ ጉድ ይወርዳል፤ ልብሷ ገላዋ ላይ ተጣብቋል፤ ሕፃኑ ያለቅሳል።

«አባባ፣ ደንብ አስከባሪዎች ናቸው። መንገዱን እያጸዱ ነው። ያገኙትን ሁሉ መኪና ላይ እየጫኑት ነው።»

አልባሹ ግራ ቀኙን አየ። መጋዘኑ ውስጥ ሠራተኛ ይገባል ይወጣል። ማንም የማይደርስበት አንድ ቦታ ብቻ አለ። ክንዷን ይዞ በትንሿ በር ከመስታወቱ ኋላ ወዳለው ማሳያ አስገባት። መብራቶቹ ቦታውን አሙቀውታል፤ ፊት ለፊት መጋረጃው ቀይ ግድግዳ ሆኗል።

«እዚህ ማንም አያይሽም። እስኪሄዱ ተቀመጪ።»

ከግርግሙ አጠገብ ጭዱ ላይ ተቀመጠች። ጥርሷ ይንቀጫቀጫል። አልባሹ የሚያለብሳት ፈለገ፤ ያለው ያ ሰማያዊ ካፖርት ብቻ ነው። አነሣና ያዘላት። ሴትዮዋ ክንዷን ወደ ኋላ ዘርግታ ራሷ እጅጌው ውስጥ አስገባችው። አልባሹ ክው ብሎ ቀረ። ክንድ ሳይነቀል፣ ሳይገፋ፣ በራሱ ሄዶ ሲገባ! በሕይወቱ ሰው ሲያለብስ ያን ጊዜ የመጀመሪያው ነበር። የተረፈ ጨርቅ ካለ ብሎ ከጀርባዋ ስፒል ሊወጋ እጁ ሄደና አፍሮ መለሰው።

ሕፃኑን አጠባችው፤ ዝም አለ። አልባሹ እጆቿን አየ። አንደኛው መዳፍ ከሕፃኑ ራስ ሥር ነው፤ ሁለተኛው መቀመጫውን ደግፎ ጣቶቹ ገርበብ ብለዋል። ለካ እንዲህ ነው! ያን ሁሉ ዓመት የአሻንጉሊቷን ጣቶች አጥብቆ ሲያስይዝ ነው የኖረው። ደስ አለው፤ ልጅ ሳለ እንደሚደሰተው ደስ አለው። ሳይረሳኝ ልሥራው ብሎ አሻንጉሊቷን ታቅፎ ወደ መጋዘን ወረደ።

ሥነ ሥርዓቱን ሊቀርጹ የመጡት የቴሌቪዥን ሰዎች ከሰዓት ሌላ ቦታ ስላላቸው ሥነ ሥርዓቱ ወደ ረፋድ ተሳበ። ይሄንን ለሁሉም ነገሩ፤ ለአልባሹ የነገረው የለም። አሻንጉሊት ለሚያለብስ ሰው ማን ምን ይነግራል? ስፒሎቹን በከንፈሩ ነክሶ ሽቦውን ሲጠመዝዝ በድምፅ ማጉያ የአማቹ ድምፅ ሲመጣ ሰማ። «በዓላችንን እንመልስ… በራችንን እንጠብቅ…» አሻንጉሊቷን እንዳቀፈ ሮጠ።

ሲደርስ መጋረጃው ተገልጧል።

ውጭ ጃንጥላ የያዘ ሕዝብ ጭጭ ብሏል። ሴትዮዋ ጭዱ ላይ፣ ሕፃኗን እንዳቀፈች፣ ዓይኗን ሳትነቅል ድርቅ ብላለች። ትንፋሿን ይዛለች። እንደ አሻንጉሊቶቹ ካልተንቀሳቀሰች የማያዩዋት መስሏት ነው። ከዚያ ጭብጨባው መጣ። እውነተኛ ጭብጨባ! ሴቶች ዓይናቸውን ጠረጉ። የአልባሹ ሚስት ከፊት ቆማ አፏን በእጇ ይዛ ታለቅሳለች። የቴሌቪዥኑ ካሜራ ቀረበ። አማቹ ራሱ ዞር ብሎ አይቶ ደነቀው፤ ጋሽ አልባሹ ዘንድሮ ጉድ ሠራ ሳይል አልቀረም።

ሕፃኑ አለቀሰ።

«ወይ ጉድ፣ በባትሪ ይሠራል!» አለ አንዱ፤ ሰው ሳቀ። ሴትዮዋ ግን እናት ናትና አባበለችው። ስትወዛወዝ ከካፖርቱ እጅጌ የዋጋው ወረቀት ወጥቶ ተንጠለጠለ። ሳቁ ቆመ።

«ካልሲ ሻጯ ናት እኮ!» አለ የሆነ ድምፅ። «ከእነዚያ አንዷ ናት!»

አማቹ በመደብሩ በኩል ዞሮ ገባ፤ ሁለት ደንብ አስከባሪዎች ተከተሉት። አልባሹ አሻንጉሊቷን አቅፎ ትንሿ በር ላይ ቆሟል። አማቹ አልጮኸበትም። ጨዋ ሰው ነው አልኳችሁ።

«ጋሼ» አለው ለስለስ ብሎ፣ «ይህችን ሴት ያውቋታል?»

አልባሹ ስፒሎቹን ገና በከንፈሩ እንደያዘ ነው። ቀስ ብሎ አንዱን አወጣና አንገትጌው ላይ ሰካው። ሌላውን አወጣ። ሁሉም ይጠብቁታል። በዚያች መሃል ሁለቱ ክፍሎች ታዩት፤ ሚስቱ ጉልበቷን ይዛ ደረጃ ስትወጣ ታየችው፤ ዕቃቸው ዝናብ ላይ ተከምሮ ታየው። የመጨረሻው ስፒል ወጣ። ከዚህ በኋላ ዝም የሚልበት ምክንያት አልቀረውም።

«አላውቃትም» አለ።

ሴትዮዋ አየችው። ቁጣ አልነበራትም፤ ቢኖራት ይሻለው ነበር። ከዚያ ወደ አማቹ ዞረች።

«ራሴ ነኝ የገባሁት» አለች። «በሩ ክፍት ነበር።»

«ካፖርቱንስ?»

ለዚህ አልመለሰችም። ለእሱ ተወችለት። አልባሹ ጭዱን ሲያይ ቆየ። አንዲት ቃል ነበረች የምትፈለገው፤ አልወጣችውም። ሴትዮዋ ሕፃኑን ከአንዱ ክንዷ ወደ ሌላው እያዛወረች ካፖርቱን አወለቀች፤ አጣጥፋም ለአማቹ ሳይሆን ለአልባሹ አቀበለችው። ወሰዷት። አማቹ ወደ ሕዝቡ ተመልሶ ማጉያውን ያዘ፤ «አያችሁ አይደል? የጌታ ግርግም ውስጥ ድረስ ገቡ! ሕፃን ተገን አድርገው ሊሰርቁን!» አለ። እንደገና ተጨበጨበ። ከቅድሙ ይበልጥ ተጨበጨበ።

መጋረጃው ተመለሰ፤ አልባሹ ሥራውን እንዲጨርስ ታዘዘ። ካፖርቱ ገና ሙቀት ነበረው። የአሻንጉሊቷን ክንድ ነቅሎ እጅጌው ውስጥ አስገባ፣ ገጠመ። ጀርባዋን በስፒል ሰበሰበ። አንደኛውን መዳፍ ከሕፃኑ ራስ ሥር፣ ሁለተኛውን ከመቀመጫው ሥር፣ ጣቶቹን ገርበብ አደረገ። ከውጭ ሆኖ ዝቅ፣ ከፍ የሚለው ስለሌለ ወገቡን ይዞ ራሱ ወጥቶ መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ አየው። የብረት ወንፊቱ ላይ አንዲት የሕፃን ካልሲ ዝናብ ይዟት ተጣብቃለች። ማርያም ግን አምሮባታል። እንዲህ አምሮባት አያውቅም።

የዚያ ዓይነቱ ካፖርት ጉድ ተሸጠ። ሰው ሁሉ «ያቺ ማርያም የለበሰችው» እያለ ይጠይቃል። መንገዱም ጸድቶ ከረመ። አልባሹ አንድ ቀን ሴትዮዋ ታስራለች ወደተባለበት ጣቢያ ሄደ፤ በሩ ላይ ቆሞ ዘበኛው «ምን ነበር አባባ?» ቢለው «መንገድ ተሳስቼ ነው» ብሎ ተመለሰ። ከዚያ ወዴት እንደወሰዷት የሚያውቅ አላገኘም፤ አጥብቆም አልጠየቀም። ቤት ውስጥ ሚስቱ ነገሩን ለጎረቤት እያነሣች ትጥላለች። «ሕፃኑ አሳዝኖኝ ነበር። ግን እንዴት የማርያምን ካፖርት ትሰርቃለች? ሌላ ልብስ አጥታ ነው?» እሱ ዝም ይላል፤ ዝምታው የተለመደ ስለሆነ የተጠራጠረው የለም።

አማቹ ተመረጠ። በበዓሉ ዋዜማ አልባሹን አስጠርቶ ትልቅ ካርቶን ሰጠው። «ለእትዬ ነው፤ ለጉልበታቸው ሙቀት ጥሩ ነው» አለ። ከፍተው ሲያዩት ሰማያዊው ካፖርት ነው። ከመጋዘኑ አዲስ የወጣ ይሁን ከመስታወቱ የወረደ አልባሹ አልጠየቀም። ሚስቱ ፊቷን አንገትጌው ውስጥ ቀብራ አለቀሰች። ዕድሜዋን ሙሉ እንዲህ ያለ ነገር ለብሳ አታውቅም።

የበዓሉ ጠዋት ለብሳው ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ሴቶቹ በየመንገዱ እያስቆሙ ይዳስሱታል፤ እሷም እንደ ልጃገረድ ትሽኮረመማለች። እንደወትሮው መሃል ወንበር ላይ ተቀመጡ። አማቹ ከፊት ነው። ንባቡ ተጀመረ፤ ማርያም ደክማ ከበር ተመለሰች የሚለው ቦታ ደረሰ።

«ጨካኞች!» አለች ሚስቱ። «ምን ነበረበት አንድ ጥግ ቢሰጧት!»

ሰው ዞር ብሎ ፈገግ አለ። አልባሹ አልጎሸማትም።

«ቤታቸውን እንዳይነጠቁ ፈርተው ይሆናል» አለ።

ሚስቱ ባሏ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሲናገር ሰምታው አታውቅም። ዞረች። «እነማን?»

«ያስገባኋት እኔ ነኝ» አላት። «ካፖርቱንም ያለበስኳት እኔ ነኝ። ሰርቃ አይደለም። እኔ ነኝ ያለበስኳት።»

ዓይኗ ወደ ካፖርቱ እጅጌ ወረደ፣ ከዚያ ወደ ፊት ወንበሩ፣ ወደ አማቹ ማጅራት ሄደ። አልባሹ ጠበቀ። ዕድሜዋን ሙሉ በዚያች ቦታ ላይ ስትጮህ የኖረች ሴት ናት፤ አሁንም እንድትጮህ ፈለገ። እሱ ያቃተውን እሷ ተነሥታ ብትለው በደረጃው ዕቃቸውን ተሸክሞ ለመውረድ በዚያች ደቂቃ ዝግጁ ነበር።

ሚስቱ ጆሮው ድረስ ተጠጋች።

«ዝም በል» አለችው በሹክሹክታ። «ሰው ይሰማናል።»

የካፖርቱንም ቁልፍ እስከ አንገቷ ድረስ ቆለፈችው። መዝሙር ተጀመረ፤ ተነሥተው ከሰዉ ጋር አብረው ዘመሩ።